ይቅመሱልኝ የተባለው ምንጭ

ከጎሽ ሜዳ በላይ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ የሚፈልቀው ምንጭ ስሙ ይቅመሱልኝ ነው። በአገሩ ካሉት ምንጮች ሁሉ ሰውን አንቱ የሚል እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስሙን ያወጡለትም ጠላ ሻጯ እትዬ አንጓች ናቸው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ከሜዳው ግርጌ ትልቅ የቆዳ ፋብሪካ ነበር፤ ሽታው ከመክፋቱ የተነሳ ጅብ እንኳ በአንድ እግሩ አፍንጫውን ይዞ በሦስቱ እያነከሰ ያልፍ ነበር አሉ። ይህ ፋብሪካ ቆዳ የሚያጥብበት ንጹሕ ውሃ አማረውና ምንጩን ፈለገ። እንዲሁ መውሰዱን ቢያፍርበት፣ «ለማኅበረሰቡ ድጋፍ» ብሎ፣ ከፋብሪካው በታች ከሚያልፈው ወንዝ ውሃ ስቦ ለመንደሩ ቦኖ ተከለ። ቦኖው ቁመቱ ፍየል አያክልም፤ ስለ ቦኖው የቆመው ታፔላ ግን ጥላው ሰባ በሬ ያስተኛ ነበር ይላሉ።

በምርቃቱ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ብሩህተስፋ ከነሾፌራቸው፣ ከነካሜራማናቸው መጥተው ሪባን ቆረጡ፤ ንግግርም አደረጉ። ንግግሩ ሲጀመር ያረገዘች ላም ሲያልቅ ጥጃዋን ጡት አስጥላ ነበር ይባላል። ከዚያ ወረቀት ተዘረጋ፦ ቦኖው የመንደሩ፣ ምንጩ የፋብሪካው። ሽማግሌዎቹም ስጦታ መመለስ ነውር ሆኖባቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ።

እትዬ አንጓች ቆመው ያያሉ። ምንጩ ከሄደ ጠላቸውም ሄደ፤ በወንዙ ውሃ አንዴ ቢጠነስሱ ጋኑ ራሱ አስመልሶት ነበር አሉ። ደግሞ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለእንግዳ ሲቀዱ አስቀድመው በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፤ ያልቀመሱትን ለሰው ሰጥተው አያውቁም። ስለዚህ ከቦኖው አንድ ጣሳ ሞልተው ወደ ሥራ አስኪያጁ ተጠጉ።

«ጌታዬ፣ ይቅመሱልኝ።»

«እናቴ፣ ጨጓራ አለብኝ» አሉ አቶ ብሩህተስፋ፣ የታሸገ ውሃቸውን እየከፈቱ።

«እኛስ ሆዳችን የተለፋ ቆዳ ነው?»

ጣሳው ለሾፌሩ ተላለፈ፤ ሾፌሩ «የሚነዳ ሰው አይጠጣም» አለ። ካሜራማኑ ሁለቱም እጆቹ እንደተያዙ አሳየ። በመጨረሻ ለአህያ ቢያቀርቡላት አሽትታ፣ ፊቷን ወደ ፋብሪካው አዙራ አናፋች።

«እንግዲያው» አሉ እትዬ አንጓች፣ ጣሳውን በሥራ አስኪያጁ ጫማ አጠገብ እየደፉ፣ «ሰጪው ያልቀመሰው እኛ ዘንድ አይጠጣም። ቦኖዎን ነቅለው ይውሰዱ፤ ምንጩ እንደሆነ ንቅንቅ አይልም።»

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ጣታቸውን ከቀለሙ አውጥተው በነጭ ጋቢያቸው ጠረጉት። ወረቀቱ ጣት ሳያርፍበት ተጠቅልሎ ተመለሰ፣ ምንጩም ከዚያ ቀን ጀምሮ በእትዬ አንጓች ቃል ይጠራል።

እስከ ዛሬ ጎሽ ሜዳ የማንንም ድርጅት ልግስና ሰጪው ሳይቀምሰው አይቀበልም። ዘንድሮ አንድ ኩባንያ ለትምህርት ቤቱ ዴስክ ቢያመጣ፣ ሽማግሌዎቹ ተወካዩን «ይቅመሱልን» ብለው ሙሉ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ እንዲቀመጥበት አደረጉት፤ ዴስኩም ደወል ሳይደወል ከነሱፉ መሬት ላይ ዘረገፈው። አመስግነው መልሰው ጫኑለት። በሳምንቱ ሌላ ዴስክ ይዞ መጣ፤ አሁን ግን ማንም ሳይጠይቀው ቀጥ ብሎ ገብቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ።