ጾመኛው አምባዛ

ተረት ተረት፤ የመስታወት በረት።

አቶ ይርዳው የሚባሉ ሰው ከሐይቅ ያጠመዱትን አምባዛ ሳሎናቸው ውስጥ በመስታወት ገንዳ ያሳድጉ ነበር። ዓሣው ሥጋ እየበላ ጥጃ አከለ። ሁዳዴ ሲገባ ግን አቶ ይርዳው፣ «በእኔ ቤት ማንም አይገድፍም!» ብለው ሥጋውን ከለከሉት።

ወሬ የምትወደው ድመታቸው ገንዳው ጠርዝ ላይ ወጥታ፣ «አያ አምባዛ፣ ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» አለችው።

«ቀረብ በይ እቴ፤ ድምፄ ደክሟል» አላት።

በፋሲካ ማለዳ አቶ ይርዳው ጥሬ ሥጋ ይዘው ድመቲቱን ቢጣሩ የለችም። የአንገቷ ቃጭል ግን ከገንዳው ውስጥ ያቃጭላል። ደንግጠው ጎንበስ አሉ።

«እንኳን አደረሰዎት ጌታዬ» አለ አምባዛው። «ቀረብ ይበሉ፤ ድምፄ ደክሟል።»

ተረቴን መልሱ፤ ወለሉን አብሱ።