ያልወጣችው መኪና

አንድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት በግቢው ውስጥ መኪናውን ያጥባል። እጅጌውን ሰብስቦ ጎማዋ ላይ ደርሷል። ስልኩ ጮኸ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አነበበ።

«ውድ ደንበኛችን፣ ተሽከርካሪዎ በማቆሚያችን ውስጥ ይገኛል። ሒሳቡ በመቁጠር ላይ ነው።»

የሰሌዳ ቁጥሩን አየ። የራሱ ነው። ቀና ብሎ መኪናዋን አየ። እርሷም የራሱ ናት፤ ውሃ ይንጠባጠብባታል።

ሚስቱን የሺወርቅን ጠራት። መልእክቱን አነበበች፣ መኪናዋን አየች፣ «አንዷን ሽጣታ» ብላው ወደ ቤት ገባች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትስቃላችሁ። እርሱም ሳቀ። በማግስቱም መልእክቱ መጣ። በሳምንቱም መጣ። እየቆየ ሳቁ ቀረ፤ መልእክቱ ግን አልቀረም።

በመጨረሻ ደወለ። አረጋሽ የምትባል የማቆሚያው ተቆጣጣሪ አነሳች።

«እህቴ፣ መኪናዬ እኮ ቤቴ ናት» አላት።

«እዚህም ናት።»

«እንዴት አድርጋ?»

«መግባቷ አለ፤ መውጣቷ የለም። ታዲያ የት ልበልዎ?»

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ወደዚያ ሕንፃ በሄደ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ጥበቃዎቹ የመውጫውን ብረት በእጃቸው ቀና አድርገው ይዘውለት፣ ማሽኑ ሳያየው ሾልኮ ሄደ። ይህንኑ አስረዳት። አረጋሽ በትዕግሥት አዳመጠችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እሱስ ይሁን። ሰውየውን ምን እናድርጋቸው?»

«የቱን ሰውዬ?»

«መሪው ላይ ያሉትን። ዙር በደረሰኝ ቁጥር አያቸዋለሁ። እጃቸው የበሩ መክፈቻ ላይ ነው። ሊወርዱ ይሉና አይወርዱም። መስኮቱን ባንኳኳ አይሰሙኝም። እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሰውዬው ስልኩን ዘጋ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ይህ ሰው አጥናፉ ይባላል። እዚያ ሕንፃ ምን ሊሠራ ሄዶ ነበር? ሊታረቅ ነበር የሄደው። ታላቅ ወንድሙ ዘለቀ አራተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ይሸጣል። እናታቸው ካረፈች ወዲህ አልተነጋገሩም።

ጠቡ ምን ነበር? እናታቸው ስታርፍ አጥናፉ ለሥራ ጅማ ነበር። ወንድሙ ደወለና «እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ና» አለው። መቼም ራሳችንን እናውቃለን። እኛ መርዶ በስልክ አንነግርም። «ትንሽ አሟታል» እንላለን፤ የሚገባው ይገባዋል። አጥናፉ ግን ትንሽ የተባለውን ትንሽ ብሎ ያዘው። ሥራውን ጨርሶ በማግስቱ ተነሳ። መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሳል ይዟት ይሆናል ብሎ ማር ገዛላት። ሲደርስ ድንኳን ተተክሏል። ከቀብር ተመልሰዋል። ማሩን እንደያዘ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመ።

በዚያ ቂም ያዘ። ትፈርዱበታላችሁ? እኔ አልፈርድበትም።

ከዚያ ሽማግሌዎች ገቡና ቀን ተቆረጠ፤ ዘለቀ ሱቅ እንዲገናኙ ተባለ። አጥናፉም መጣ። ሕንፃው ሥር ወደ ታች ወረደ፤ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። እጁን የበሩ መክፈቻ ላይ አደረገ። በሩን ግን አልከፈተውም። መብራቱ ጠፋ፤ እርሱም በጨለማው ተመልሶ ወጣ። ማንም አላየኝም ብሎ ነበር።

እንግዲህ ከስልኩ በኋላ መቀመጥ አልቻለም። መኪናውን አስነስቶ ወደ ሕንፃው ሄደ። መግቢያው ላይ ሲደርስ ብረቱ አልነሳም አለ። ጥበቃው ማሽኑን አየ፣ ሰሌዳውን አየ።

«ጌታዬ፣ ገብተዋል እኮ» አለው።

«አልገባሁም! ይኸው ውጭ ነኝ!»

«ማሽኑ ገብተዋል ነው የሚለው። እኔ ምን አቅም አለኝ?»

ምን ያድርግ? መኪናዋን መንገድ ዳር ትቶ በእግሩ ወረደ።

አረጋሽ በስልኳ መብራት እያበራች ከፊት መራችው። ከጣሪያው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ርሷል። አንድ ቦታ ብቻ ደረቅ ነው። ደረቁ የመኪና ቁመት፣ የመኪና ወርድ አለው። ከላይ ውሃው ይወርዳል፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ወለሉን ሳይነካ ይቀራል። አጥናፉ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ። አየሩ ሞቀው፤ አሁን እንደጠፋ ሞተር።

አረጋሽ መብራቷን ወደ ፊቱ አዞረች። አየችው፤ ባዶውን ቦታ አየች፤ ደግማ አየችው።

«ዛሬ የሉም» አለች። «የማን እንግዳ ነበሩ?»

«የወንድሜ። ግን እሱ ጋ ሳልደርስ ተመለስኩ።»

«እንግዲህ የሕንፃው ደንብ አንድ ነው። የሄዱበት ሱቅ ቲኬትዎ ላይ ማህተም ይመታል፤ ሒሳቡም ይዘጋል። ከዚያ ሌላ መዝጊያ እኔም የለኝ፣ አለቆቼም የላቸው።»

ቲኬቱ የዚያን ቀን የለበሰው ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። ኮቱንም አሁን ለብሶታል። ይዞ ደረጃውን ወጣ።

ዘለቀ መጋረጃ ያጥፋል። ከበሩ አጠገብ ባዶ ወንበር አለ፤ አቧራ የለበትም። ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። አልደነገጠም።

«አቆምካት?» አለው።

አጥናፉ ቲኬቱን ዘረጋለት። «አቆምኳት፣ ጋሼ።»

«ቦታ አጥተህ ነው እንጂ አንተስ አትቆይም ነበር።»

ከዚያ ዘለቀ መስኮቱን በአገጩ አመለከተ። «ስትገባ አይቼሃለሁ። ሽማግሌዎቹ ‹የታለ?› ሲሉኝ ‹መኪና እያቆመ ነው› አልኳቸው። ጠበቁ፤ ሻይ ጠጡ፤ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ‹ወንድምህስ?› ላለኝ ሁሉ ‹እያቆመ ነው› እላለሁ። መጀመሪያ ሰዎች ይስቁ ነበር። አሁን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ የለም።»

«ጋሼ፣ ለምን ሞታለች አላልከኝም?»

«የጊቤን ቁልቁለት ብቻውን ለሚነዳ ሰው? እሷን ቀብሬ አንተን ልድገም?» መጋረጃውን ከእጁ አስቀመጠ። «ግን አጥፍቻለሁ። ሰው ልኬ ላስመጣህ ይገባኝ ነበር። አፈር ሳታለብሳት በመቅረትህ እኔም አልተኛሁም።»

አጥናፉ ጉልበቱን ሊስም ዝቅ አለ። ዘለቀ ሳያስደርሰው አነሳውና አንገቱን አቀፈው። ከዚያ ማህተሙን አምጥቶ መታለት። በጣም አጠንክሮ መታው አሉ።

አጥናፉ ወደ ታች ወርዶ ቲኬቱን ለአረጋሽ ሰጠ። ከማሽኑ አስነካችው። የመውጫው ብረት ቀና አለ። አጥናፉ በእግሩ ሊያልፍ ሲል አረጋሽ ክንዱን ያዘችው። «እርሳቸውን ያስቀድሙ» አለች። ሁለቱም ቆሙ። ምንም አልታየም። የሞቀ አየር በቅልጥማቸው አጠገብ አለፈ። ብረቱ አንድ መኪና የሚያልፍበትን ያህል ቆየና በቀስታ ወረደ።

መልእክቱም ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ የት ቆማችኋል?

ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል፤ አያችኋለሁ። ነጭ ለብሳችኋል፣ አሜን ትላላችሁ። ግን እዚህ ያላችሁት ሁላችሁም ናችሁ? ወይስ ከእናንተ አንዱ አሁንም አንድ ጨለማ ቦታ፣ እጁን መክፈቻው ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል? «ረስቼዋለሁ» ትላላችሁ። «አልፏል» ትላላችሁ። መብራት ሲጠፋ ሾልኮ መሄድ ማለፍ ነው እንዴ? በሩን ስላልከፈታችሁት ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል?

አንቺ እህቴ፣ ስንት ዓመት ነው ያቺን ቤት በሩቁ የምትዞሪያት? አንተ ወንድሜ፣ ስልክህ ውስጥ ስሙ አለ፤ የማትደውልለት፣ የማታጠፋውም።

ሰኞ ጾም ይገባል። እግዚአብሔር ፊት ቀርበን «ይኸው ውጭ ነኝ» ብንል፣ ከእኛ የተረፈው ሌላ ቦታ ተገኝቶ እንዳናፍር። ይህን ሒሳብ እኔ አልዘጋላችሁም። ማህተሙ የተጣላችኋቸው ሰዎች ጋ ነው።

ምናልባት በዚህች ሰዓት አንድ ሰው መስኮት አጠገብ ቆሞ፣ ስለ እናንተ ሲጠየቅ «እያቆመ ነው፤ አሁን ይመጣል» እያለ ይሆናል።

አታስዋሹት። ውረዱ።