ያላቃጠለው መድኃኒት

አንድ ሰው ነበረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጅቡቲ ነዳጅ በቦቴ ያመላለሰ ሾፌር ነው። ጉበቱ ላይ ካንሰር ተገኘበት።

የመጀመሪያው መድኃኒት ጸጉሩን አረገፈው፤ አፉን አቆሰለው፤ ሳፋ አቅፎ እንዲውል አደረገው። እሱ ግን ደስ ብሎታል። «እኔን እንዲህ ካደረገ ካንሰሩንማ ምን ያደርገው ይሆን!» ይላት ነበር ሚስቱን አስካለን። እጢው ግን አልቀነሰም። ሐኪሞቹም ሰውነቱ ተጎዳ ብለው መድኃኒቱን አቆሙት።

ከዚያ በሙከራ ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት ተጀመረለት። ሁለት ጊዜ ወሰደ። ምንም አልሆነም። ቤቱ ገብቶ ሽሮውን በላ። በሦስተኛው ቀጠሮ ግን ክንዱን ለመርፌ አልሰጥም አለ።

«ዶክተር እሌኒ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ውሃ ነው አይደል የምትሰጪኝ?»

«ኧረ ጋሼ! ለምን ውሃ እሰጥዎታለሁ?»

«ተስፋ ቆርጣችሁብኛላ! ቦቴ ባዶ ሲሆን ከድምፁ አውቀዋለሁ፤ ይሄም ባዶ ነው። እያባበላችሁ ከምትቀብሩኝ ቤቴ ልሂድ።»

«ወይ አንተ ሰውዬ!» አለች አስካለ። «ስታስመልስ ‹ሠራ› ትላለህ፤ ስትበላ ‹ገደላችሁኝ› ትላለህ!»

ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ይሄኛውም መርዝ ነው። ግን ታስሮ ነው የሚጓዘው። ማሰሪያውን የሚፈታው ነገር በብዛት ያለው እጢው ውስጥ ነው። እዚያ ሲደርስ ይፈታል፤ ሌላውን አካልዎን ብዙም ሳይነካ ያልፋል። ይሠራል ብዬ አልምልልዎትም፤ ያልሠራላቸውም አሉ። የጉበትዎን ፎቶ እስኪነሡ ብቻ ይታገሡኝ።»

ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ። «ለአንቺ ስል ነው፣ ልጄ» አላት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ፎቶ ተነሣ። እጢው አልጠፋም። ግን በግማሽ አንሷል። ያን ሁሉ ቀን፣ እሱ ሽሮ ሲበላና ከአስካለ ጋር ሲነታረክ፣ መድኃኒቱ ሥራ ላይ ነበረ።

ወገኖቼ፣ እኛስ? ከመካከላችሁ «ዱሮ ስጸልይ አለቅስ ነበር፤ ዛሬ ምንም አይሰማኝም፤ እግዚአብሔር ትቶኛል» የሚል የለም? እንባ ካልፈሰሰ፣ ጉልበት ካልቆሰለ እግዚአብሔር አይሠራም ያላችሁ ማን ነው?

ነገር ግን አትሳሳቱ። ዝምታ ሁሉ ፈውስ ነው አልልም። ሰውየውም መሻሉን ያወቀው ፎቶ ተነሥቶ እንጂ በስሜቱ አይደለም። እናንተም ውስጣችሁን ተመልከቱ። አምና ስሙ ሲነሣ ደማችሁን ያፈላው የነበረው ወንድማችሁ፣ ዘንድሮስ? ፊታችሁን ታዞሩበት ነበር፤ ዛሬስ? ገና አልወደዳችሁት ይሆናል። ግን ቂሙ አንሶ ከሆነ፣ እናንተ ሳታውቁት እግዚአብሔር በውስጣችሁ ሲሠራ ቆይቷል።

እንግዲያስ አታቋርጡ። ጸሎታችሁን በመሐል አትተዉ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ያ ሰው በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያጠልቅ ታገኙት ይሆናል። ቀና እስኪል ጠብቁት። ቀድማችሁም «እንደምን ከረምክ?» በሉት።