ሁልጊዜ ሃያ ነን

አንድ ጊዜ አያ አንበሳ የዱሩን ትምህርት ቤት ውጤት ሰምቶ ጎፈሩ ቆመ። ከሃያ ተማሪ ማንበብ የቻሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ መቁጠር የቻለ ደግሞ ጭራሽ አልተገኘም። መምህር ቀበሮን አስጠራና፣ «እስከ መከር ሃያውም አንብበው ቆጥረው ካልጠበቁኝ፣ ከወንበርህ ትነሣለህ!» አለው።

«ጌታዬ፣ ያኔ መጥተው በጆሮዎ ይስሙ» አለ ቀበሮ ጅራቱን ሸብለል አድርጎ።

ማስተማር ጊዜ ይፈጃል፤ ማዘፈን ግን አይፈጅም። ቀበሮ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ዘፈን አደረገው። ከአንድ እስከ ሃያ ያለውንም ቁጥር ዘፈን አደረገው። ልጆቹ በአንድነት ሲጮኹ ዱሩ ሁሉ «አቤት መምህር!» አለ። ለበሩም ዘበኛ ተቀጠረ። ዘበኛው አያ ጅቦ ነው፤ ሌላ ጠፍቶ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

እመት አህያ ግን ማጨብጨብ አይሆንላትም። እሷ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ፊደል የለየችው ጭነት ተሸክማ ስትሄድ፣ ከፊቷ የምትሄደዋ አህያ ጀርባ ላይ ያለውን የጆንያ ጽሑፍ እያየች ነው። ያለቻትም አንዲት ውርንጭላ ናት፤ ሸጌ ትባላለች።

የመከሩ ጉብኝት አንድ ቀን ሲቀረው፣ «እስቲ ሸጌ፣ አንብቢልኝ» አለቻት።

ሸጌ መጽሐፉን ዘርግታ አነበነበችው። እናቷ አንገቷን አስግጋ ብታይ መጽሐፉ ተዘቅዝቋል።

«ቆይ ቆይ። ቁጥሩስ?»

ሸጌ ትንፋሽ ሳትወስድ ሃያ ደረሰች።

«እሰይ። በይ እነዚህን ድንጋዮች ቁጠሪልኝ።» ድንጋዮቹ ሰባት ነበሩ።

ሸጌ ዘፈኗን ከአንድ ጀምራ ጨረሰችና፣ «ሃያ ናቸው» አለች።

የእመት አህያ ጆሮ ቀጥ አለ። «ክፍል ውስጥስ ስንት ናችሁ?»

«ሃያ! ጠዋት ጠዋት እንቆጥር የለ? ሁልጊዜ ሃያ ነን።»

«ያቺ አጠገብሽ የምትቀመጠው የበግ ልጅ ደኅና ናት?»

«እሷማ ጎበዝ ስለሆነች ወደ ላይኛው ክፍል አልፋለች! የፍየሏም ልጅ አልፏል፣ የሚዳቋዋም። መምህር ለእናቶቻቸው ነግሯቸው እልል ብለዋል። የምንቀመጥበት ግንድም ሰፍቶልናል። እኔም በቅርብ ሳላልፍ አልቀርም፤ አያ ጅቦ ራሱ ‹ቀጣይዋ ጎበዝ አንቺ ነሽ› ብሎ ጎኔን ዳበስ ዳበስ አድርጎኛል።»

እመት አህያ የያዘችው ገለባ ከአፏ ወደቀ። «ላይኛው ክፍል?» አለች በልቧ። «ይህን ዱር በጭነት ያልዞርኩት የለም። ላይኛው ክፍል የሚባለው የቱ ነው?»

በማግስቱ ልጇን ራሷ ይዛ ሄደች። በሩ ላይ አያ ጅቦ ሆዱን ነፍቶ ተቀምጧል።

«አያ ጅቦ፣ ደመወዝህ ምንድን ነው?»

«ሣር ነው፣ እመት አህያ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሣር ግጬ አጥንቴ ገጥጧል። አንተን ምነው አሰባህ?»

«ሳላኝክ ስለምውጠው ነው» አለ ጅብ።

እመት አህያ አልፋው ገባች። ግንዱ ላይ የተቀመጡትን በሰኮናዋ መሬት እየነካች ቆጠረች፤ ከሸጌ ጋር አሥራ ሰባት። ከዚያ ሸጌን ከቁጥቋጦ ኋላ ሸሸገቻትና ድምፅ እንዳታሰማ አስጠነቀቀቻት።

አንበሳ መጣ። ልጆቹ ከአንድ እስከ ሃያ አስተጋቡት። አንበሳ በሁለት መዳፉ አጨበጨበ፤ ዱሩም ተከትሎት አጨበጨበ።

«ጌታዬ፣ ይህንንማ በቀቀንም ይለዋል» አለች እመት አህያ። «አንድ በአንድ ይቁጠሩ። አንዱ ‹አንድ› ይበል፣ ከጎኑ ያለው ‹ሁለት› ይበል።»

«ልጆቹን ማሸማቀቅ ነው!» አለ ቀበሮ።

«እኔ የፈራሁት ከመሸማቀቅ የባሰ ነው።»

አንበሳ ፈቀደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ወረዱ። በግንዱ ጫፍ የተቀመጠው የዝንጀሮ ልጅ «አሥራ ስድስት» አለና ቀጣዩን ፍለጋ ዞረ። ከጎኑ ማንም የለም።

«አራት ጎደሉ!» ብሎ አገሣ አንበሳ።

«አራት?» አለ አያ ጅቦ ከበሩ፣ ቁጣው ገንፍሎ። «ስም ማጥፋት ነው! ሦስት ናቸው! የአህያዋን ገና አልነካኋትም!»

ሸጌ ከቁጥቋጦው ብቅ አለች።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች እመት አህያ። «በዚህ ትምህርት ቤት መቁጠር የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚበላው።»

አያ ጅቦ አፉን ሊዘጋ ሲል አንበሳ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ የጅቡን ድምፅ የሰማ የለም።

«እኔ አልበላሁም!» አለ ቀበሮ። «‹አልፈዋል› ብዬ ዝም ነው ያልኩት። ‹ጎደሉ› ብል፣ ሃያ የሚሉት ሳይቆጥሩ መሆኑ ይታወቅብኛል።»

«አንተ ዝም ስትል ነዋ እሱ የጎረሰው!» አለችው እመት አህያ።

ቀበሮ ከዱሩ ተባረረ። አንበሳም ያጨበጨበበትን መዳፉን እያየ፣ የሦስቱን እናቶች ዓይን ማየት አቅቶት ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት የጎረቤታቸውን ጀርባ እየነኩ ይቆጥራሉ። አሥራ ሰባት ላይ ሲደርሱ ዘፈኑ ስለለመደባቸው «አሥራ ስምንት» ሊሉ ይዳዳቸዋል፤ ከዚያ የግንዱን ባዶ ጫፍ ያዩና ዝም ይላሉ።

ከዚህ የምንማረው የልጅን ዕውቀት በጋራ ጩኸት መለካት ትቶ ለብቻው አቁሞ መጠየቅ እንደሚገባ ነው፤ በጭብጨባ የሸፈንነውን ጉድለት ቀድሞ የሚቆጥረው ጅብ ነውና።