«ይንኩ» የተባለበት አዳራሽ

አንድ ተጠራጣሪ አባት ነበረ። አንተ «ልጆቼ ታማኝ መሆናቸውን በምን ልፈትን?» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ መልሱን ከዚህ ሰውዬ ታገኘዋለህ።

ሰውዬው ሳሎኑ ውስጥ ባለመስታወት ቡፌ ነበረው። ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎችና አንድ የከረሜላ ሳህን ይቀመጡበታል። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ወንዱ ከፍ ያለ፣ ሴቷ ትንሽ። አባትየው አንዳንዴ ቡፌውን ሆን ብሎ ገርበብ አድርጎ ይተውና መጋረጃ ጀርባ ያደባል። ትንሽ እጅ ሲዘረጋ ብቅ ብሎ «ያዝኩሽ!» ይላል። ከዚያ ቁንጥጫ ነው። ይህን ልጅ ማሳደግ ይለው ነበር፤ እንዲያውም ይኩራራበት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ነዝንዘው ነዝንዘውት ወደ ሳይንስ ማሳያ አዳራሽ ወሰዳቸው። በሩ ላይ «እዚህ ያለውን ሁሉ ይንኩ» ተብሎ ተጽፏል። ሰውዬው ቆም አለ። «ንኩ የሚል ቤት ደግሞ አለ? ይቺ ነገር አላማረችኝም» አለ በሆዱ። ቀድሞ የተሰበረ ዕቃ አስታቅፈው ሊያስከፍሉኝ ነው ብሎ ጠረጠረ። ጣሪያውን ቢቃኝ ካሜራ አየ፤ «ይኸው!» አለ።

«እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ!»

የሌላ ሰው ልጆች መዘውር ሲያዞሩ፣ በረጅም ቱቦ ሲጠራሩ፣ የእሱ ልጆች እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ዞሩ። የሚያሳዝን ጉብኝት ነበር።

በመጨረሻ አንድ ጠረጴዛ ጋ ደረሱ። ግራና ቀኝ የመዳብ ሰሌዳ፣ መሃል ላይ አምፖል አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ይንኩ፣ ትንሿ ያንን ትንካ» አለች አስጎብኚዋ። «ወንድሟን መሃል አድርጋችሁ እጅ ለእጅ ስትያያዙ ይበራል።»

«ቢነዝረንስ?»

«ምንም አይል። ይዩት።» ከሌላ ልጅ ጋር ተያይዛ አሳየችው። አምፖሉ ቦግ አለ፤ ልጁ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ዞር ብሎ የራሱን ልጆች ፊት አየ። ሳቅ የሚባል የለበትም። ያኔ እጁን ዘረጋ። መዳቡን ነካ፤ ምንም አልሆነም። ወንዱ ልጅ እጁን ያዘው። የቀረችው ትንሿ ናት።

«ነይ የኔ እናት፣ ንኪ» አላት፤ ከልቡ ነበር።

ትንሿ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች። ከዚያ ሄዳ የመስኮቱን መጋረጃ ገልጣ አየች። ተመልሳም እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«አልነካም። ስነካ ያዝኩሽ ልትለኝ ነው።»

«አልልሽም፣ እውነቴን ነው!»

«ቡፌውንም የምትከፍተው አንተ ነህ» አለችው።

ለመናት፤ ማለላት፤ እሺ አላለችም። ከኋላ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ አምፖሉ ሳይበራ ቦታውን ለቀቁ። ሰውዬው አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ አዘነ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም የጠየቅከኝ ቡፌውን እንዴት ገርበብ እንደምታደርግ ነው። መጋረጃ ጀርባ ቆመህ ልጆችህን ስትፈትን እነሱም አንተን እየፈተኑህ ነው። ታማኝ መሆናቸውን ታውቅ ይሆናል፤ አንተ ግን በእነሱ ዘንድ ታማኝነትህን ታጣለህ። አንድ ቀን ከልብህ እጅህን ትዘረጋላቸዋለህ። ያን ቀን እጅህን ትተው መጋረጃውን ነው የሚያዩት።