ውሃ ሊያስመልስ የሄደው ተናጋሪ

አንዲት ነርስ ነበረች፤ ውብአንቺ ትባላለች። ጤና ጣቢያ ለሚመጡ እናቶች በቃል የምትሰጠውን ምክር ላልመጡት ደግሞ በብሎግ ትጽፍላቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በልጅነቷ አማርኛ ወዳስተማሯት ወደ መምህር ይኄይስ ቤት ሄደች። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ግቢያቸው ውስጥ የላላ የአልጋ ጠፍር ሲወጥሩ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ጨንቆኝ ነው የመጣሁት» አለች ገና ሳትቀመጥ።

ያስጨነቃት ነገር ይህ ነበር። ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ጽፋ ነበር። ከክረምቱ ጭቃ ጀመረች፤ እናቷ እሷን እንዴት እንዳሳደገቻት አወራች፤ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ፣ ስለ ጎረቤት ምክር ጻፈች። የሕፃኑ ሰውነት ውሃ ሲያልቅበት የሚታዩትን ምልክቶች ግን መጨረሻ ላይ አስቀመጠቻቸው። አንዲት እናት የታመመ ልጇን ታቅፋ ጽሑፉን ከፈተች። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለች እስከ መሐል አነበበች። ልጁ አለቀሰ፤ ስልኩን አስቀመጠችው። በማግስቱ ሕፃኑ ዓይኑ ጎድጉዶ ሆስፒታል ገባ። በስንት መከራ ተረፈ። እናቲቱም በአስተያየት መስጫው ላይ «እህቴ፣ ጽሑፍሽ ያምራል። መቼ ልሂድ የሚለውን ግን ፈልጌ አጣሁት» ብላ ጻፈችላት።

«ከዚያ ወዲህ ልጽፍ እቀመጥና ሳልጽፍ እነሣለሁ» አለች ውብአንቺ። «ባልደረባዬ ‹ከመጻፍሽ በፊት ንድፍ አውጪ› ትለኛለች። እኔ ግን ቁጭ ካልኩ ቃሉ ራሱ ይመጣልኛል፤ ንድፍ ላውጣ ስል ልቤ ይደርቃል። ቃል ለማያጥረው ሰው ንድፍ ምን ያደርግለታል ጋሼ? ወይስ ጨርሶ ልተወው?»

መምህሩ ጠፍሩን ለቀቁት። ድሮም መልስ ለመስጠት አይቸኩሉም ነበር። «ተቀመጪ ልጄ» አሉና ይህን ነገሯት።

አንድ ተናጋሪ ሰው ነበረ። በታች ሰፈር ይኖር ነበር። ሠርግ ላይ እሱ ካልመረቀ፣ ለቅሶ ላይ እሱ ካላጽናና ነገሩ የሞላ አይመስልም። አፉን ሲከፍት ሕፃን እንኳ ዝም ይላል ይባልለት ነበር።

የታች ሰፈር ሰዎች የሚኖሩት ከተራራው በሚወርድ አንድ ጅረት ነው። በርበሬያቸውንና ድንቻቸውን የሚያጠጡት በሱ ነበር። አንድ ዓመት አንድ ባለጠጋ በላይ በኩል ሰፊ መሬት ገዛና ጅረቱን በቦይ ጠልፎ ወደ ራሱ አትክልት መለሰው። በታች በኩል ድንጋዩ ብቻ ቀረ።

ሰዎቹ ተሰብስበው ዳኛ ዘንድ እንሂድ አሉ። ማን ይናገርልን ሲባል ሁሉም ወደ ተናጋሪው ዞሩ። እሱም «ለዚህማ እኔ አለሁ» አለ። ዳኛው ያለበት ከተማ የሁለት ቀን መንገድ ነበር። አብረውት ከሄዱት መካከል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትና አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ የላይና የታች ሰፈር አባቶች ውሃውን ተካፍለው ነበር፤ በሳምንት አራት ቀን ለላይ፣ ሦስት ቀን ለታች ብለው ተማምለው ነበር። በዚያ መሐላ ላይ ከቆሙት በሕይወት የቀረው ይህ ሽማግሌ ብቻ ነው። ስለዚህ በየመንገዱ እያረፈም ቢሆን አብሮ ተጓዘ።

መንገድ ላይ ሴትዮዋ ተናጋሪውን ጠየቀችው። «ምን ልትል አሰብክ?»

«እናቴ፣ ቃል ጠፍቶኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም። ግን ከምን ትጀምራለህ?»

«እዚያ ስደርስ ይመጣልኛል» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በርበሬዋ አበባ ይዞ ነበር፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በሱ ነው።

ዳኛው ጠዋት ተቀምጦ ቀትር ሲሆን የሚነሳ ሰው ነበር። የታች ሰፈር ነገር ተጠራ። ተናጋሪው ጋቢውን አስተካክሎ ቆመና ጀመረ። ተራራው እንዴት እንደተሰየመ ተናገረ። አባቱ በዚያ ጅረት ዳር እንዴት ጥርብ ድንጋይ እየተሸከመ ማሳውን እንዳቀና ሲናገር የራሱም ዓይን እንባ ሞላ። ተረት አመጣ፤ ምሳሌ አመጣ። በዙሪያው የቆመው ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ ሳቀም። ዳኛው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቆይቶ ወደ ፀሐይዋ ተመለከተ፤ ቆይቶ ወደ ሌሎቹ ባለጉዳዮች ተመለከተ። ሴትዮዋ ይህን አየች። የተናጋሪውን ጋቢ ጫፍ ከኋላ ሳብ አደረገች። እሱ ግን ያደነቀችው መሰለው፤ ጨመረበት።

ባለጠጋው ተራው ሲደርስ «ውሃው በመሬቴ ያልፋል። በመሬቴ ባለፈ ተጠቀምኩ። የሚከለክለኝ ውል ካለ ያሳዩኝ» ብሎ ተቀመጠ።

ዳኛው ወደ ተናጋሪው ዞረ። «ሰማኸው። አንተስ የምትጠይቀኝ ምንድን ነው?»

ተናጋሪው አፉን ከፈተ። አምስት ነገር ባንድ ጊዜ መጣበት። አንዱን ሲይዝ አንዱ ያመልጠዋል። «ጌታዬ፣ እኛ እኮ... ውሃው ማለት...» አለ። ላብ አጠመቀው። ከኋላው የተቀመጠው ሽማግሌ ስለ መሐላው ለመናገር በትሩን ተመርኩዞ ሊነሳ ሞከረ፤ ሳይቆም ቀትር ሆነ።

«የምትሉትን ስታውቁ ከሃያ ቀን በኋላ ተመለሱ። እስከዚያ ውሃው ባለበት ይቆይ» አለና ዳኛው ተነሣ።

ሃያ ቀን ለበርበሬ ረጅም ነው። የታች ሰፈር ሰዎች ራቅ ካለ ወንዝ በእንስራ እየቀዱ ማጠጣት ጀመሩ። ቅጠሉ ግን ከጫፉ እየጠወለገ ወደ ግንዱ ወረደ። ተናጋሪውን የሰደበው የለም። ሲያልፍ ግን ጨዋታ ያቋርጣሉ፤ ይህ ከስድብ ባሰበት። በዚህ ላይ ሽማግሌው ከመንገዱ እንደተመለሰ ታሞ ተኛ። ምግብ እምቢ አለ። ተናጋሪው በየጠዋቱ ደጁ ሄዶ «እንዴት አደሩ?» ይላል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ልቡ ይመታል። ሽማግሌው ከሞተ መሐላውም አብሮት ሊቀበር ነው።

በስምንተኛው ቀን ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄደ። በረንዳዋ ላይ ምስር ስትለቅም አገኛት።

«እናቴ፣ ፈራሁ። ምን ልበል?»

«እኔ ዳኛው ነኝ እንበል። በል ንገረኝ» አለችው።

ጀመረ። ከተራራው ጀመረ። እሷ ቀና ሳትል ምስሯን መልቀም ቀጠለች። አቋረጠና እንደገና ከአባቱ ጀመረ። አሁንም ቀና አላለችም። ተናደደና «ኧረ እኛ የምንፈልገው በሳምንት ሦስት ቀን ውሃ እንዲለቀቅልን ነው!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ቀና አለች።

«እሱ ነው» አለች። «እንዳይጠፋብህ ቋጥረው።»

የጋቢውን ጫፍ ይዞ ቋጠረ። ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው ተነጋገሩ። የመጀመሪያው ቋጠሮ የሚጠይቁት ሆነ። ሁለተኛው መሐላው፣ ሦስተኛው ምስክሩ፣ አራተኛው እየጠፋ ያለው ማሳ። አምስተኛ ቋጠረ፤ ይህ የአባቱ ታሪክ ነበር። ከሁሉ የሚወደው፣ ሰውን የሚያስለቅስበት እሱ ነው።

«ይሄስ ዳኛው ምን እንዲያደርግበት ነው?» አለችው።

ቋጠሮውን በጣቱ አገላበጠው። ከዚያ በገዛ ጣቱ አምስተኛውን ቋጠሮ ፈታው። ሲፈታው ፊቱ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ነበር።

በቀጠሮው ሽማግሌውን በቃሬዛ ተሸክመው ሄዱ። መንገድ ላይ በየዛፉ ጥላ ያወርዱትና ትንፋሹን ያዳምጣሉ። አንዴ ዓይኑን ከድኖ ብዙ ቆየና ሁሉም ደነገጡ። «አለሁ፤ ተራመዱ» አላቸው።

ተናጋሪው ዳኛው ፊት ቆመ። እጁ የጋቢውን ጫፍ ያዘ። «ጌታዬ፣ የምንጠይቀው በሳምንት ሦስት ቀን ውሃው ወደ ታች እንዲለቀቅ ነው። የምንጠይቀውም አባቶቻችን ተማምለው ስለተካፈሉት ነው። በመሐላው ላይ የነበረ ሰው ይኸው በቃሬዛ መጥቷል።» እንዲያው የታመመ የመሰላቸው ነበሩ፤ ያ ሁሉ ወግ የት ሄደ አሉ። አራተኛው ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ግን ያላሰበው ቃል መጣለት። «ጌታዬ፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከማሳችን ቦይ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ደርቃ ጥላ ሆናቸዋለች» አለ። ዳኛው ከወንበሩ ቀና ብሎ ተመለከተው። ተናጋሪው ግን እዚያው አቆመ።

ዳኛው ሽማግሌውን ጠየቀ። ሽማግሌው በደከመ ድምፅ መሐላው የት እንደተፈጸመ፣ ማን ማን እንደነበረ ተናገረ። ባለጠጋው ጥያቄ አቀረበ፤ ሽማግሌው መለሰለት። ቀትር ሳይሆን ተፈረደ። ሦስት ቀን ለታች ሰፈር ተሰጠ።

ውሃው ወረደ። ድንቹ አገገመ። በርበሬው ግን ከግማሽ በላይ ደርቆ ነበር፤ የሴትዮዋ ማሳ ከደረቁት አንዱ ነው፤ ያን ዓመት ልጆቿን ይዛ እህቷ ዘንድ ከረመች። ሽማግሌውም በተመለሱ በአምስተኛው ቀን አረፈ። ተናጋሪው ቀብሩ ላይ ተናገር ሲባል እምቢ አለ። መቃብሩን ከሚቆፍሩት ጋር አካፋ ይዞ ዋለ።

መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ውብአንቺ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያ ተናጋሪ አንቺ ነሽ። ዳኛው ደግሞ ያቺ እናት ናት። ባንድ እጇ ልጅ፣ ባንድ እጇ ስልክ ይዛለች፤ ቀትሯ ቅርብ ነው። አንቺ የምትዪው ሳይደርስ ትነሣለች። ንድፍ ማለት ሌላ አይደለም፤ ከመቆምሽ በፊት ከኔ የምትፈልገው ምንድን ነው፣ የቱ ይቅደም፣ የትኛው ለሷ፣ የትኛው ለራሴ ነው ብለሽ መቋጠር ነው። ልብሽን ያደርቀዋል ያልሽውም አይደለም። ሰውየው መንገዱን ሲይዝ ነው ያ የቦይዋ ቃል የመጣለት፤ መንገድ ሲፈልግ ግን ላብ ብቻ ነው የመጣው። መጻፉንም አትተዪውም። የታች ሰፈር ሰዎች ሌላ አፍ አልነበራቸውም።»

ውብአንቺ እንባዋን ጠረገች። «የእናቴን ታሪክ እንደ አምስተኛው ቋጠሮ ልፈታው ነው ማለት ነው» አለች።

«ለሌላ ቀን ይቆይሽ። አሁን እኔ ዳኛው ነኝ እንበል። ከምን ትጀምሪያለሽ?»

ውብአንቺ ስልኳን አላወጣችም። ትንሽ አሰበች፤ አንዴ ጀምራ ተወችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«የልጅሽ ዓይን ከጎደጎደ፣ ወይም መጥባት ካቃተው፣ ይህን ማንበብ ተዪና አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።»