በማን ክንድ?

ግንቧ ከማርጀቱ የተነሳ ድመት ባስነጠሰች ቁጥር አንድ ድንጋይ የሚወድቅባት፣ ስሟን አላህ የሚያውቅላት አንዲት ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሼህ ጧሃ የሚባሉ ጉድጓድ ቆፋሪ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ተቀጣሪ አይደሉም፤ ሥራ ሲገኝ በቁርጥ ተዋውለው ይቆፍራሉ። ሰላት አያልፋቸውም፣ የሰው ሐቅ አይነኩም። አንድ ጠባይ ግን ነበራቸው፤ እሺ ከማለታቸው በፊት ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸውን ሸሽቶ የሄደው አሠሪ ቢሰለፍ ከተማዋን ሦስት ጊዜ ይዞራል።

አራት ወር ሙሉ ሥራ ጠፋ። ዶማቸው ላይ ሸረሪት ድር ሠርታ፣ ልጆቿን ድራ፣ የልጅ ልጅ አየችበት። ቤት ውስጥ የቀረው የሳምንት ማሽላ ነው። በዚህ መሀል ሐጂ ዘይኑ የሚባሉ ባለጸጋ ለመስጊዱ ሰው ከሰላት በፊት የሚታጠብበትን የውዱእ ውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ መሆኑ ተሰማ። ይህ ሥራ ካመለጠ ዶማው ለቀጥቃጭ ሊሸጥ ነው፤ ዶማው ከተሸጠ ሙያውም አበቃ።

ሚስታቸው ዘምዘም እስከ በር ሸኟቸው።

"አንቱ ሼህ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፤ ዛሬ እንኳ ጥያቄ አያብዙ። እሺ ብለው ይምጡ።"

"ኢንሻአላህ ዝም እላለሁ" አሉ።

መስጊዱ ግቢ ሲደርሱ ሽፋ የሚባል ቆፋሪ ቀድሟቸዋል። የሽፋ ክንድ ከማጠሩ የተነሳ ጆሮውን ሲያሳክከው ጭንቅላቱን ወደ እጁ ያመጣል። ሐጂ ዘይኑ ደግሞ ቀጥ ብለው ቆመው ጉልበታቸውን ያካሉ። ወሬ አይወዱም።

"ሃያ ክንድ ጥልቀት። ለረመዳን የሚደርስ። ማን ይችላል?"

"እሺ ሐጂ! ውሃው ራሱ ወጥቶ አሰላሙ ዓለይኩም ይልዎታል" አለ ሽፋ።

"አንቱስ?"

"እሺ" የምትለዋ ቃል ሼህ ጧሃ ጥርስ ላይ ደረሰች። ማሽላው ታያቸው፤ ዶማው ታያቸው። ሐጂ ሙስበሃቸውን መቁጠር ጀመሩ። አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ፣ ሦስት።

"በማን ክንድ?" አሉ ሼሁ።

 ጣራው ላይ የነበረች ርግብ እንኳ የጎረሰችውን ሳትውጥ ቀረች።

"ምን አሉኝ?"

"ሃያ ክንድ ብለዋል። በእርስዎ ክንድ ነው ወይስ በቆፋሪው?"

"ሼህ ጧሃ! አጭበርባሪ ሊሉኝ ነው?"

"አስተግፊሩላህ! የእርስዎ ክንድ ከኔ በአራት ጣት ይረዝማል። ሃያ ጊዜ አራት ጣት የአንድ ሰው ቁመት ይሆናል። ዛሬ ካልተነጋገርን እርስዎ አንድ ጉድጓድ፣ እኔ ሌላ ጉድጓድ እያሰብን ነው የምንጨባበጠው።"

ሐጂ ወደ ሽፋ ዞሩ። "አንተ በማን ክንድ ነው እሺ ያልከኝ?"

ሽፋ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። "እኔማ... በአላህ ፈቃድ ነው።"

"በእኔ ክንድ ይሁን" አሉ ሐጂ ቁጣቸው ሳይበርድ። "ለረመዳን ይደርሳል?"

"በእርስዎ ክንድ ከሆነ አይደርስም። ከጾሙ ዐሥር ቀን ይበላል።"

"እኔ አደርሰዋለሁ!" አለ ሽፋ።

ሐጂ ፊታቸውን አዙረው ወደ መስጊዱ ገቡ። ሼህ ጧሃ የቀትሩን ሰላት ዙሁርን ከኋላ ሰግደው ወጡና ጥላ በሌለበት ቆሙ። ያላባቸው ላብ ተጠራቅሞ ቢሆን ጉድጓድ መቆፈር ባላስፈለገ። በመጨረሻ ሐጂ ወጡ፤ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ዘረጉ።

"ገመድ ያምጡና ይለኩ። ዐሥሩን ቀን ዛሬ ባይነግሩኝ ኖሮ ያኔ ጾሜን እርስዎን በማማት አበላሸው ነበር። ግን ሥራው ያመልጠኛል ብለው አልፈሩም?"

"ፈራሁ እንጂ" አሉ ሼሁ። "ሪዝቅና እንጀራ ግን ከአላህ ነው። ሲዋዋሉበት የደፈረሰ ጉድጓድ ደግሞ ሲቆፈር አይጠራም።"

ወገኖቼ፣ ሽፋ እኮ ሌባ አልነበረም። አሠሪውን ላለማስከፋት ቶሎ እሺ አለ፣ ያ ነው ጥፋቱ። በእጃችን ሙያ የምናድር ሁሉ እንዲህ ያደርገናል፤ ሰውየው ፊቱ እንዳይጠቁርብን ስንል የሚፈልገውን ሳናውቅ ቃል እንሰጠዋለን፣ አደብም ይመስለናል። አማና፣ የተሰጠን አደራ፣ የሚጠበቀው ግን ዶማ ከመነሳቱ በፊት ነው። የሰው ሐቅ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ለመስረቅ አስቦ አይገባም፤ መጠየቅ አፍሮ የሚገባም አለ።